አስራ አራት ቁጥር፣ ሴዳር አቬኑ

ሚስ ቬሮና ፒኖክ ኪንግስተን መሀል ከተማ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ሰላሳ አንድ ዓመት ወለል ወልውላለች። ለመወልወል አልነበረም የሄደችው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ የታይፕ ትምህርቷን በማዕረግ ጨርሳ ለዚያው ኩባንያ ስታመለክት፣ አድራሻዋን ሳትደብቅ «ሎግውድ ሌን» ብላ ጻፈች። ቦታው ተይዟል አሏት። ማስታወቂያው ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር። የሎግውድ ሌን ስም ሬዲዮ ላይ የሚነሳው ጥይት ሲተኮስ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው እዚያ የተወለደ ሁሉ ሽጉጥ ይዞ የተወለደ ይመስለዋል። መወልወያ ለሚይዝ ግን አድራሻ የሚጠይቀው የለም። እሷም መወልወያውን ያዘች፤ ቂሙንም አብራ ያዘች።

እህቷ አዮኒ ሀብታሞች በሚኖሩበት ላይኛው ሰፈር፣ ሴዳር አቬኑ አስራ አራት ቁጥር፣ የአንድ ሐኪም ቤት ምግብ አብሳይ ነች። የግቢውን የፖስታ ሳጥን የምትከፍተውም እሷ ናት። ሚስ ቬሮና ይቺን አድራሻ ለሰፈሯ፣ ለሌኑ ልጆች ታበድር ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዋ ላይ ትሰበስባቸውና መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ ድምጿን እንደ አለቃ አቅጥና ትጠይቃለች።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ሴዳር አቬኑ፣ አስራ አራት ቁጥር።»

«የአጥሩ በር ቀለም?»

«አረንጓዴ።»

«የጎረቤት ውሻ ስም?»

«ብሩተስ።»

«ይናከሳል?»

«ከታች የመጣ ካየ አይምርም፣ ሚስ ቬ!» ይላል ሩኤል፤ በረንዳው በሳቅ ይናጋል።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አስራ አንዱን እዚያው ኩባንያ አስገባቻቸው። ሩኤል ሒሳብ ክፍል ገባ። የመጨረሻዋ ኦዴት ነበረች፤ እናትና አባት የሌላት፣ ሁለት ወንድሞቿን የምታሳድግ፣ ጣቷ የታይፕ ማሽን ላይ ሲያርፍ የማይታይ ልጅ። ሦስት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርታ ቋሚ የምትሆንበትን ደብዳቤ ትጠብቃለች። ደብዳቤው ከመጣ ወንድሞቿን ይዛ ከሌኑ ትወጣለች። መውጣት ደግሞ ነበረባት፤ የሌኑ ማዕዘን ላይ የሚውሉት ባለሽጉጥ ጎረምሶች ትልቁን፣ የአስራ አራት ዓመቱን ኬማርን፣ በስሙ እየጠሩ ማስጠጋት ጀምረዋል።

በዚህ መሀል ሚስስ ደሊሰር የምትባል አዲስ የሠራተኛ ኃላፊ መጣች። አንድ ማክሰኞ ሚስ ቬሮና ባልዲዋን ይዛ ቢሮዋ ስትገባ ሴትዮዋ ወንበር ሳበችላት።

«ሚስ ፒኖክ፣ ይቀመጡ።»

በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተቀመጪ ያላት አልነበረም። ሁሉም «ቬሮና» እያለ ነበር የሚጠራት።

«መዝገቡን ሁሉ አየሁት» አለች ሚስስ ደሊሰር። «ከእርስዎ ሰፈር አንድም ወጣት የለንም። ያሳፍራል! አምስት ልቀጥር አስቤ ነበር፤ አለቆቹ ግን የዚያ ሰፈር ልጅ ሥራ ይሠራል ወይ እያሉ ያስቸግሩኛል። ምን ልበላቸው?»

ሚስ ቬሮና ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች መሰላት።

«አለን እንጂ!» አለች። «አስራ አንድ ናቸው!» በጣቶቿ እየቆጠረች ስማቸውን ጠራች። «ኦዴትን አያውቋትም? ያቺ ፈጣኗ! የሌኔ ልጅ ናት። ሁሉንም እኔ ነኝ በእህቴ አድራሻ ያስገባኋቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚስስ ደሊሰር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ሚስ ቬሮና ቀድማ ታውቅባት ነበር። ደስ ይላቸዋል ብላ የሰማችውን ጽፋ ለአለቆቹ አቀረበች። የኩባንያው ጠበቃ ግን ደንቡን ገለጠ፦ ሲቀጠር የሐሰት መረጃ የሰጠ ይሰናበታል። አለቀ። ሚስስ ደሊሰር አልቅሳለች የሚሉ አሉ። ደብዳቤዎቹ ላይ ግን ፈርማለች።

አርብ ዕለት ሚስ ቬሮና እንደ ልማዷ ፖስታ ልታመጣ አዮኒ ዘንድ ወጣች። የኩባንያው ማኅተም ያለባቸው አስራ አንድ ፖስታዎች ይጠብቋታል። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ያው ነውና እዚያ ማንም እንደማይኖር እያወቁ ልከዋቸዋል። እሷ ምን ታውቃለች? ሚስስ ደሊሰር ለልጆቹ ምስጋና ላከች፣ የኦዴትም ቋሚነት መጣ ብላ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወረደች።

«ደብዳቤ መጣ!» እያሉ የሌኑ ልጆች ከበቧት። ሩኤል ከሥራ እንደተመለሰ ከረባቱን እንኳ አላወለቀም፤ የራሱን ቀደደና ጮክ ብሎ አነበበ። «ተሰናብተዋል» የሚለው ጋ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ቀደዱ።

«ማነው የነገረብን?» አለ ሩኤል።

ሎግውድ ሌን ሌባን በይቅርታ ያልፋል። የነፍሰ ገዳይ እናት እንኳ ሰላምታ አትነፈግም። ጆሮ ጠቢን ግን አያልፍም።

«ኦዴትስ? ትናንት ኃላፊዋ ቢሮ ስትገባ አይቻታለሁ» አለ አንዱ።

«ቋሚ ልትሆን አይደል? በእኛ ነዋ!»

ማዕዘኑ ላይ የቆሙት ጎረምሶች ወሬያቸውን ትተው ፊታቸውን ወደ እነሱ አዞሩ። በዚያው ቅጽበት ኦዴት ዳቦ ይዛ ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። በሚስ ቬሮና እጅ የቀረውን አንድ ፖስታ አይታ ከሩቅ ጮኸች።

«ሚስ ቬ! መጣልኝ?»

ወንድሞቿ ሮጠው ወገቧን ያዙ። ሩኤል መንገዷ ላይ ቆመ።

«በስንት ሸጥሽን፣ ኦዴት?»

ሚስ ቬሮና ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም፤ በእሷ ላይ የሚጠረጥር በዚያ ሌን አልተፈጠረም። በጆሮ ጠቢ ላይ ምን እንደሚደርስም አሳምራ ታውቃለች። ፈራች፤ እጅግ ፈራች።

«እኔ ነኝ» አለች።

የሰማት የለም።

«እኔ ነኝ የነገርኩት! ልጅቷን ተዋት። ለኃላፊዋ በኩራት ነው የነገርኳት፤ በእናንተ ኮርቼ።»

ሩኤል አያት። ከዚያ ከረባቱን አውልቆ አጥሯ ላይ ሰቀለና ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። አንድም ሰው አልነካትም፤ ቅዳሜ ግን በረንዳዋ ላይ ማንም አልመጣም።

ያን አርብ ኦዴት ደብዳቤዋን ከሚስ ቬሮና እጅ ተቀብላ እስከ መጨረሻው አንብባ አጠፈችው።

«ምን ይላል? እንሄዳለን?» አላት ኬማር።

«ሂድ፣ ዳቦውን አስገባ» አለችው።

ከሁለት ወር በኋላ ኩባንያው ከሎግውድ ሌን አምስት ወጣቶች ቀጠረ፤ ፎቶአቸውም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ኦዴትም አመልክታ ነበር። አድራሻዋን ሳትደብቅ ጻፈች። ቅጹ ከዚህ በፊት በሐሰት መረጃ ተሰናብተው ያውቃሉ ወይ ሲላትም አዎ ብላ ሞላች። ቦታው ተይዟል አሏት።

ሚስ ቬሮና አድራሻ ዋሽታ ስላልተቀጠረች አልተሰናበተችም፤ ጡረታዋ እስኪደርስ መወልወያዋን አልጣለችም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በማዕዘኑ ታልፋለች። ኬማር እዚያ ከጎረምሶቹ ጋር ቆሟል፤ ሸሚዙ ወገቡ ላይ አብጧል። ከሌኑ ሰው ሁሉ ሰላም የሚላት እሱ ብቻ ነው።

«ደህና አደሩ፣ ሚስ ቬ» ይላታል።

ቀና ብላ አይታው አታውቅም።