ለጎረቤቴ ዓይን የገዛሁት ኮምፒውተር

ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት ሱቅ ነበረኝ። ማመልከቻውን፣ ውሉን፣ የእድር ደንቡን በታይፕ እየመታሁ ልጄን ያሳደግሁባት ሱቅ ናት። ታዲያ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ኮምፒውተር አስገብታ ሱቅ ከፈተችና ደንበኞቼ ዓይኔ እያየ አስፋልቱን ይሻገሩ ጀመር። ውጫሌ ጉዳይ ያለው ሰው እንኳ መኪና ከመሳፈሩ በፊት እሷ ዘንድ ጎራ ይላል። ቆሽቴ ድብን ይል ነበር። የሚብሰው ደግሞ ክፉ አለመሆኗ ነው፤ በየጠዋቱ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እኔም በጥርሴ እስቅላታለሁ።

የራሴን ልገዛ ደሴ ወጣሁ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ምን እንደምሠራበት ጠየቀኝ። ጽሑፍ፣ ሲቀናኝም የሰርግ ካርድ አልኩት።

«ካርድ ከሆነማ ሜሞሪው ላይ አይሰስቱ» አለኝ። ሜሞሪ ማለት ማሽኑ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጽሑፍ በጠባቡም ያልፋል፣ ፎቶ ግን ሰፊ ይፈልጋል ብሎ አስረዳኝ። በያዝኩት ገንዘብ ወይ ብዙ ሜሞሪ ከድሮው ወፍራም ስክሪን ጋር፣ ወይ ትንሽ ሜሞሪ ከአዲሱ ስስ ስክሪን ጋር ይደርሰኛል። በደንብ ገብቶኛል። ግን የማዶዋ ስክሪን ያ ጀርባው ያበጠው ነበር። ሜሞሪ እንደሆነ ሆድ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል? ስሱን ጫንልኝ አልኩት።

ስክሪኑን ወደ መንገዱ አዙሬ አስቀመጥኩት። ተሻግራ መጥታ፣ «ማሻአላህ፣ ያምራል እትዬ» አለችኝ። ቅናት ፍለጋ ፊቷን ባየው ባየው የለም። እሱም አናደደኝ።

ከርሞ ልጄ ልታገባ ሆነ። ካርዷ ላይ ከእጮኛዋ ጋር ሐይቁ ዳር የተነሱት ፎቶ እንዲገባ ፈለገች። ፎቶውን ስከፍተው ማሽኑ ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት፤ አሁንም ቀጥ።

«እማዬ፣ ማዶ ብንወስደውስ?» አለችኝ።

«እኔ ሞቼ ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅ። ፎቶው ይቅር።»

ዓይኗ እንባ እንደሞላ ወጥታ ሄደች።

ከቀናት በኋላ ካርዱን ይዛ መጣች፤ ለካ ማዶ አሠርታዋለች። እንከን ላወጣለት ውሃውን፣ ልጆቹን፣ ፊደሉን ደጋግሜ አየሁ። ምንም አጣሁለት። እኛ ዘንድ ካርድ የሠራ ሱቅ ስሙን ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ያሰፍራል። እሱን አይቼ ልቆጣ ዓይኔን ወደ ታች ጣልኩ። የተጻፈው የእኔ ሱቅ ስም ነው።

«አንቺ ነሽ ያልሻት?» አልኳት ልጄን።

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ‹የእናትሽ ሱቅ እያለ የኔ ስም ምን ይሠራል?› ብላ ነው።»

በሰርጉ ዕለት ያገኘኝ ሁሉ ስለ ካርዱ እጅሽ ይባረክ ይለኛል። እሷ ለሙስሊም እንግዶቻችን በተተከለው ድንኳን ተቀምጣ ትሰማለች፤ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አሜን እያልኩ ምርቃቷን ስቀበልላት ዋልኩ።

ሰርጉ እንዳለፈ ደሴ ወጥቼ ሜሞሪ አስጨመርኩ። ፎቶ ይከፈትልኝ ጀመር፣ ደንበኛም ተመለሰ፣ በማሽኗ መቅናቱም ቀረልኝ። በዚያች የካርድ ግርጌ ግን እስከ ዛሬ ቅናቴ አልበረደም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ስሜን የምጽፈው ከሙሽሮቹም በላይ ነበር።