እትዬ አስካለ የቀመሱት ቢራ

ባለፈው ወር፣ ቶሮንቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከካፖርት ወደ ከነቴራ በምትሸጋገርበት ሰሞን፣ ልጄ ናሆም ኖርዝ ዮርክ ወዳለው ቤቴ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዞ መጣ። የእሱ ዕድሜ ልጆች ቢራ ከመጠጣታቸው በፊት ያጠኑታል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበልኝ፤ በቤልጂጎች አሠራር የተጠመቀ የስንዴ ቢራ ነው፣ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ አለበት። አብዛኛውን ብርጭቆው ላይ ቀዳና የቀረውን በጠርሙሱ ውስጥ አሽከርክሮ፣ ታች የተኛውን ደለል አረፋው ላይ ገለበጠው። ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ «ማሚ፣ ዶንት ዎሪ፣ ክላውዲ፣ ድፍርስ መሆን አለበት» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። ያንን አቀዳድ የተማርኩት እሱ ከመወለዱ በፊት ነው፤ ለጥቂትም ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ከእትዬ አስካለ ጋር እኖር ነበር። እትዬ አስካለ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ስፖንሰር ሆነው ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ስለ አገር ቤት ኑሯቸው ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወሬውን ይዘጉታል፤ ሰውም የትልቅ ቤት ልጅ መሆን አለባቸው ብሎ ደመደመ። ሰው ያልተነገረውን ሲሞላ ጥሩ ጥሩውን የሚሞላው ለጥቂቶች ብቻ ነው።

የምሠራው ኩዊን ጎዳና ላይ፣ በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር ደጃፉን እያንቀጠቀጠ በሚያልፍበት አንድ ሬስቶራንት ነበር። ለእትዬ አስካለ «ምግብ አቀርባለሁ» ብያቸዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ቤቱ በቅቤ የተጠበሰ ዓሣና የድንች ጥብስ ነበረው፣ ሰው የሚመጣው ግን ለቢራው ነው። ባለቤቱ ሉክ የሚባል በስድሳዎቹ ውስጥ ያለ ቤልጂጋዊ ሲሆን፣ ከአገሩ የሚያስመጣውን ያን ነጭ ቢራ እንደ ዘመድ ነበር የሚያስተዋውቀው።

በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱን ቀስ ብዬ አዘንብዬ፣ ጥርት ያለውን ብቻ ቀድቼ፣ ደለሉን ታች አስቀረሁት። እጄ እንዴት እንደረጋ ለራሴ ደነቀኝ። እኛ ዘንድ ለእንግዳ የሚቀዳው የጠራው ነው፤ አተላው ለከብት ነው፤ አተላ የቀረበለት እንግዳ ከዚያ ቤት ዳግመኛ አይደርስም። ሉክ ጠርሙሱን አንሥቶ አየና ዋናውን ነገር እኮ ጣልሽው አለኝ። እጄ ትእዛዙን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያም በኋላ ደለሉን በገለበጥኩ ቁጥር ደንበኛውን ይቅርታ ልጠይቀው ይቃጣኝ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ሉክ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያስቀምሰናል፤ ምን አገኛችሁ ይላል። ያን ቢራ መጀመሪያ ስቀምሰው ቀለል ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ወጥ ቤት ወጥ ቤት የሚሸት ነገር ምላሴ ላይ ቀረ። ድንብላል ነው። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላወቅሁም፤ በነጋታው ከእትዬ አስካለ ጓዳ ጥቂት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩለት። በጣቶቹ ፈጭቶ አሸተተና ሳቀ፤ ለወጥ ሠሪውም ወስዶ አሳየው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ሆነ። ካናዳ ከገባሁ አንድም ሰው «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎኝ አያውቅም ነበር። በእንግሊዝኛ አፌ የተፈታው እዚያ ነው፤ ያንን ቤት እወደው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ተሸክሜ አየችኝ፤ ወሬውም የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ዳንፎርዝ፣ በርበሬ ልትገዛ ከሄደችበት ሱቅ ተነሥቶ ፓርክዴል ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እትዬ አስካለ አልጮኹም። ከራት በኋላ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና፣ «የመጠጥ ቤት ሴት እንድትሆኚ አላመጣሁሽም» አሉኝ። «ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ካልወደድኩት በዚያው ይዤሽ እወጣለሁ።»

እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ እንደምወጣም አውቃለሁ። በእሳቸው ላይ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ዕለት ዝናብ ያረጠበው የሜፕል ቅጠል ጫማቸው ላይ ተለጥፎ ገቡ። ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ፣ ቤቱን ሁሉ የሚያሳይ ወንበር መረጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሻይ አዘዙ። ሉክ ታላቄ መሆናቸውን ሲሰማ ሻይ አይሆንም አለና ነጩን ቢራ በግብዣ እንዳቀርብላቸው ነገረኝ፤ ራሱም ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ ይመለከት ጀመር።

ጠርሙሱን ከፈትኩ። አብዛኛውን ቀዳሁና ቆምኩ። ሉክ ከወዲያ ማዶ እጁን በአየር ላይ ያሽከረክራል፣ ጨርሺው ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ከአገሬ ላመጡኝ ሴት አተላ ልገለብጥ ነው።

«ምን ቆመሻል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት… አተላውን ይጨምሩበታል። እርስዎ ካልፈለጉ…»

ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ አፉን አሸተቱት። ከዚያ አንገቱን በሁለት ጣት ይዘው፣ ሳይቸኩሉ አሽከረከሩና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ራሳቸው ቀዱት። አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛ ተጎነጩ።

«አተላ አይደለም፣ እርሾው ነው» አሉ። «ድንብላል አለበት፤ የብርቱካን ልጣጭም አለ። ስንዴው ግን በቅሎ አይደለም የገባ፣ ጥሬውን ነው። ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። ሉክ ክንዱን ከባንኮኒው አነሣ። አዎ፣ ስንዴው ጥሬ ነው፣ የሚበቅለው ገብሱ ብቻ ነው አለ፤ እዚህ አገር በኖረበት ዘመን ሁሉ ይህንን ቀምሶ የነገረው ሰው እንደሌለም ነገረኝ። ለእትዬ አስካለ ተረጎምኩላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። ሳያስቡት ብዙ እንደተናገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

እዚያው ወንበር ላይ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። የሚያዩት ብርጭቆውን አልነበረም፤ የሚጠጡትን ወንዶች እጅ ነበር፣ ሳልፍ ወዴት እንደሚሄድ። አንድም እጅ ወደ እኔ አልተዘረጋም። ስወጣ ክንዴን ይዘው እስከ ስትሪትካሩ ማቆሚያ ሄድን።

«አሥራ አንድ ዓመት ጠላ ሸጫለሁ» አሉ እዚያ ስንቆም። «ደጄ ላይ ጣሳ ሰቅዬ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው፤ ሕፃናት ስለነበሩ አያስታውሱትም። እናትሽ ታውቃለች፤ እዚህ አገር ግን አንድም ሰው አያውቅም። እኔ ቤቱን አይደለም የምፈራው፣ የሰካራም እጅ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው የመጣሁት።» ክንዴን ለቀቁና፣ «ሥራሽን ሥሪ። ይህን ግን ለማንም አትንገሪ። የሚነሡልኝ ሰዎች ያን ጣሳ ቢያዩት አይነሡልኝም» አሉኝ።

አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሠራሁ። ስለ ጠላው ዳግመኛ አንሥተን አናውቅም።

እትዬ አስካለ ካቻምና ክረምት ዐረፉ። ልጆቻቸው አማርኛ መጻፍ ስለማይሆንላቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ለመኑኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሕዝብ ቆሞ አዳመጠው። ናሆምም እዚያ ነበር። ለዚህ ነው ባለፈው ወር፣ ይህን ታሪክ ከሬስቶራንቱ እስከወጣንበት ድረስ ብቻ ስነግረው፣ ቢራውን እየጠጣ «ሃውስዋይፍ ነበረች አይደል?» ያለኝ።

ያ ቃል የእኔ ነው። «በቤት እመቤትነት ልጆቻቸውን አሳድገዋል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለአሥራ አንዱ ዓመት ሌላ የምሞላበት ነገር አጥቼ። አይደለም አልኩትና የቀረውን ነገርኩት። «ዋይ ዲድንት ዩ ሴይ ኢት?» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይወቅሰኝ።

ቃል ስለገባሁ አልኩት፤ እውነትም ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ቃል ይኸው በአደባባይ አፈረስኩት። ይቅር ይሉኛል ብዬ አልዋሽም፣ እሳቸው በቃል ቀልደው አያውቁም። ግን በዚያ የቀብር ቀን ሁላችንም ያለቀስነው ለተከበሩት እመቤት ነው። ልጆቿን ጋን እያጠነች፣ ብቅል እያሰጣች ላሳደገችው ሴት ማንም አላለቀሰላትም፤ እኔም ጭምር፣ እያወቅኋት።