የአያቴን መልክ ፍለጋ ወደ ኮሶዬ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በክረምቱ ማብቂያ ነው። ውጭ አገር ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ታሪክ ስማር የሰው አገር ሥዕል ስመረምር ሰልችቶኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ላደርግ ቆርጬ መጥቻለሁ። እናቴ ለጽሑፉ ደንታም አልነበራት፤ ሕግ ብማር ትወድ ነበር። ደስ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኮሶዬ በታች ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ሥዕሉን ያሠራችው የገዛ እናቷ፣ አያቴ፣ ተደፍታ እንደተሣለች ዘመዶች ነግረዋታል። እናቴ ገና ጡት ሳትተው ስለሞተችባት መልኳን አታውቀውም። ፎቶግራፍም የለ። ጣሪያው ያፈሳል ቢሏት፣ ሥዕሉ እንዳይበሰብስ ብላ የቆርቆሮ መግዣ ልካ ነበር።

«አደራህን፣ አይተህ ንገረኝ» አለችኝ ስንቄን ስትቋጥር።

ጎንደር

አውቶቡሱ ማክሰኝት ላይ በከብት ገበያተኛ ተከቦ ስለዘገየ ጎንደር የገባነው ሲመሻሽ ነው። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ጨው የጫነ ማኪና አገኘሁ። ሾፌሩ አንድ ብር ተቀብሎ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«ምን ተምረህ መጣህ?»

«የሥዕል ታሪክ።»

«ሥዕልማ ይሳለሙታል እንጂ ምኑን ይማሩታል!» ብሎ እስከ ኮሶዬ ሣቀብኝ።

ኮሶዬ

ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። መንገድ ዳር ትኩስ ሽሮ በልቼ በገብሱ ማሳ መካከል ቁልቁል ወረድሁ። ቤተ ክርስቲያኗ አዲስ ቆርቆሮዋ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ቄሰ ገበዙ የማን ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ብድግ አሉ።

«የአስካለ ልጅ! ቆርቆሮ ያለበሰችን እናትህ አይደለች? ና፣ ሸጋ ነገር ላሳይህ።»

ግድግዳው ላይ ቀለሙ ገና የሚያበራ ሥዕል አየሁ። ከእመቤታችን እግር ሥር ነጭ የለበሰች ሴት ተደፍታለች። ከበላይዋ «ተማኅፀነት አስካለ ማርያም» ይላል፤ አስካለ ማርያም ተማፀነች ማለት ነው። እናቴ ናት። ሠዓሊው አይቷት አያውቅም።

«የድሮውስ ሥዕል፣ አባ?»

«ፍሳሹ ጎድቶት ነበር። ከቆርቆሮው ገንዘብ ቢተርፍ፣ የእናትህን ውለታ በምን እንመልስ ብለን እሷን አሣልን። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረውን አሮጌ ሸራ ልጠን በጸሎት ቀበርነው። የተቀደሰ ነገር ሜዳ አይጣልም።»

ወይራው ሥር ወስደው ቦታውን አሳዩኝ። ሣር በቅሎበታል። ጎንበስ ብዬ ሣሩን በእጄ ዳሰስሁት።

«ምነው ልጄ፣ ቅር አለህ?»

«የለም አባ፤ ሸጋ ሥዕል ነው» አልሁ። ደስታቸውን ላበላሽ አልቻልሁም።

ስመለስ ኮሌጁ ትዝ አለኝ። አዲስ ባለጸጋ የፊተኛውን ሥዕል አስፍቆ የራሱን እንደሚያሠራ ስንማር፣ ዘመኑን ጽፈን እናልፈው ነበር። በተፋቀው ሥዕል ላይ የሰው እናት ልትኖር እንደምትችል የተማርሁት ግን በዚህ ጉዞ ነው። ምነው ባልተማርሁት!

አዲስ አበባ

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቦርሳዬን ሳላወርድ «አየሃት?» አለች።

«አየኋት።»

«ማንን ትመስላለች?»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድሁ።

«ቁርጥ አንቺን» አልኋት።

እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገችና፣

«እስቲ መስተዋቱን አምጣልኝ» አለች።