የጠፋችው ዜሮ

ዌንደል ላዥዋ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነበር። በኃይል ማመንጫ ወደሚሰጥ የሥራ ሥልጠና ለመግባት በአልጀብራ ፈተና ሰባ ማምጣት ነበረበት። ኮሌጅ ገብቶ ከልጆቹ ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ከክፍልፋይ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ሰባ አንድ አመጣ፤ የሥልጠናው ምዝገባ የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ ነው። ሚስቱ ኮሌት በስልክ ስትሰማ አለቀሰች፤ ወዲያው ኬክ አዘዘች።

በማግስቱ በኮሌጁ ምግብ ቤት ሎርና ፔትሪ አጠገቡ ተቀመጠች። ፋብሪካው ውስጥ ክሬን ስትነዳ የኖረች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። በዚያው ፈተና ያገኘችው ስልሳ ዘጠኝ ነው። ወረቀቷን ገፋ አደረገችለትና አራተኛውን ጥያቄ አሳየችው።

«እስቲ ፕሮፌሰር፣ ለእኛ ለወዳቂዎቹም አብራራልን።»

ጥያቄው x² = 5x ይላል። ሎርና ሁለቱንም ወገን ለ x አካፍላ፣ x = 5 ብላ ጨርሳለች። መምህሩ ሚስተር ሃውገን ከአራቱ ሁለት ነጥብ ቀንሶባታል። ዌንደል ትናንት ሰሌዳ ላይ እንዳየው አድርጎ በናፕኪን ላይ ቀስ እያለ ጻፈላት። መጀመሪያ 5x ወደ ግራ መጣ፤ x² − 5x = 0 ሆነ። ቀጥሎ የጋራው x ወጣ፤ x(x − 5) = 0። ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ስለዚህ x ወይ ዜሮ ነው ወይ አምስት።

«ለ x ስታካፍይ ዜሮዋን ጣልሻት» አላት። «x ራሱ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ለዜሮ ደግሞ አይካፈልም።»

የራሱን ሊያሳያት ፈተናውን ከቦርሳው አወጣ። ትናንት ድምሩን ብቻ አይቶ ነበር ያጠፈው። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። እሱም ለ x አካፍሏል። x = 5፤ ከጎኑ ራይት፣ ሙሉ አራት ነጥብ።

የቡና ኩባያውን አንስቶ መልሱ ላይ አስቀመጠው።

ሎርና ናፕኪኑን እየገለበጠች ታወራለች። ትናንት ሚስተር ሃውገን ቢሮ ሄዳ አንድ ነጥብ እንዲጨምርላት ለምናው ነበር። ለሌሎቹ ያልሰጠውን ለእሷ እንደማይሰጥ ነግሮ መለሳት።

 ዌንደል ኩባያውን አነሳና ወረቀቱን አዞረላት። ሎርና ከራሷ ወረቀት ጋር አስተያየችው።

«እጠፈው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያንተ ቢቀነስ ለኔ አይጨመርልኝም።»

 ዌንደል ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄደ። ሚስተር ሃውገን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሰባ አንዱን ሰርዞ ስልሳ ዘጠኝ ጻፈ፤ ባያመጣው ኖሮ ስህተቱን ሳያውቅ ይቀር እንደነበርም ነገረው። የሚቀጥለው ፈተና በመስከረም ነው።

ሲመለስ ሎርና ስንት ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አልቀለደችም። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ኮሌት ኬኩን ያዘዘችበት ዳቦ ቤት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ሄዶ የሚያመጣው እሱ ነው። ላዩ ላይ በክሬም 71 ተጽፎበታል።