«ሰክሯል፣ ተውት» ያልኩት ወንድሜ

ጌታ ይባረክ ወገኖች! ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ማርቆስ ልመሰክር ነው። ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ፤ እንዴት እንደሞተ ግን የምታውቁት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ደብቄው ኖሬአለሁ። አፌን የከፈተ ጌታ ስሙ ይመስገን!

ሁለታችንም ከብት ነጋዴዎች ነበርን፤ ሁለታችንም ስኳር በሽታ ነበረብን። እሱ ኢንሱሊን ይወጋል፣ እኔ ክኒን እውጣለሁ። ሐኪሞቹ መጠጥ ተዉ ብለውናል። እኔ ግን ምን እል ነበር መሰላችሁ? «አረቄ መራራ ነው፣ ስኳር የለውም፤ እንዲያውም ያወርድልናል።» ታላቁ ነኝና ማርቆስ አመነኝ።

አንድ የበዴሳ ገበያ ቀን፣ ማርቆስ ጠዋት መርፌውን ወጋ። ሚኒባስ እንዳያመልጠን ስንሮጥ ቁርስ ሳይበላ ቀረ። ገበያው ሲያልቅ አረቄ ቤት ገባን።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እህል እንቅመስ» አለኝ።

«ጠጣ ባክህ፣ እህሉ ይደርሳል» አልኩት።

ቆይቶ ያልበው ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ተምታታ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ባለ ቤቷ ሴትዮ፣ «ይሄ ልጅ አሞታል፣ ላቡን እየው» አለችኝ። እኔ ግን፣ ወገኖቼ፣ «ሰክሯል፣ ተውት ይተኛ» አልኳት። ጋቢውን አልብሼው መጠጣቴን ቀጠልኩ።

እንሂድ ብዬ ስቀሰቅሰው አልነቃም። ያኔ ሞባይል የለ፣ መኪና እስኪገኝ ጊዜ ሄደ። ሶዶ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካና በፍጥነት ግሉኮስ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከቀትር በኋላ» አልኩት።

«ስኳሩ እጅግ ወርዷል። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ አልኮል ይህን ያግደዋል። ኢንሱሊኑ ደግሞ ማውረዱን ይቀጥላል። ለእናንተ ስካር መሰላችሁ እንጂ አንጎሉ ስኳር አጥቶ ነው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ማርቆስ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለሚስቱ ለአልማዝ «በሽታው ገደለው» አልኳት። ከዚያ በኋላ የጠጣሁት ለመሞት ነበር። አልማዝ አማኝ ናት፤ ያንን ሁሉ ሐዘን ተሸክማ እየመጣች ትጸልይልኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «ጌታ ሆይ፣ ማርቆስን የሚወደውን ይህን ወንድሙን አጽናው» ስትል አልቻልኩም።

«አቁሚ! ተውት ያልኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ለሳምንታት አልመጣችም። ስትመለስ በር ላይ ቆማ፣ «ልጆቼን ባየሁ ቁጥር አንተን መጥላት እፈልጋለሁ። ግን እኔንም ጌታ ይቅር ብሎኛል። አንተም ሸክምህን ብቻህን አልቻልክም፣ እኔም ይቅር ማለቱን ብቻዬን አልቻልኩም፤ ና እንጸልይ» አለችኝ።

ተንበረከክን። በዚያች ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

መጠጡ ወዲያው አልለቀቀኝም፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼበት አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን ነጻ ነኝ፣ ክብር ለእርሱ! ስኳሩ አሁንም አለብኝ፤ ክኒኔንም ክትትሌንም አላቋረጥኩም። ማርቆስ ግን የለም። በዴሳ በደረስኩ ቁጥር ያንን አረቄ ቤት ላለማየት ዞሬ አልፋለሁ።

ወገኖቼ፣ የተጋደመ ሰው ስታዩ፣ አፉ አረቄ ቢሸት እንኳ «ሰክሯል» ብላችሁ አትለፉ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ምስጢር ተሸክመህ የምትጠጣ ወንድሜ፣ እዚህ ካለህ፣ ለጌታ ንገረው። እኔ ነገርኩት፤ አልጣለኝም። የማርቆስ ልጆችም ከእናታቸው ጋር እዚህ አሉ። ትላንት ነግሬአቸዋለሁ። ትልቁ እስካሁን አላናገረኝም። እጠብቀዋለሁ፤ እኔንም ጌታ ብዙ ጠብቆኛል። ስሙ ይባረክ!