የእህቴ ጓዳ

በደርግ ጊዜ ከጎንደር በሱዳን አድርገን ሮማ ስንደርስ፣ እኔ፣ ታላቅ እህቴና ባሏ ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍልና ጠባብ ጓዳ ያለው ቤት ተከራየን። ወደ እስራኤል የሚያሳልፈንን ወረቀት እንጠብቅ ነበር። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ማንም ሳይነካት ከቤት ራቅ ባለ የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቆያለች፤ እሷን ወይም ፍራሿን የነካ ይረክሳል፣ መታጠብም አለበት። ሮማ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? ጓዳው ጎጆ ሆነ። እህቴ እዚያ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች፤ እኔ ምግቧን ደፉ ላይ አስቀምጥላታለሁ።

ባሏ ይደበድባት ነበር። ጓዳ ስትገባ ግን መርገሙን ፈርቶ እጁን አያነሳባትም። ስለዚህ እህቴ ቀኖቿን ማስረዘም ጀመረች። ሰባቱ ቀን አልፎም "ገና ነኝ" ትላለች። እንዲያ ስትል ደስ ይለኝ ነበር፤ የፊቷ እብጠት የሚጎድለው እዚያ ስትሰነብት ብቻ ነው።

አብረውን የተሰደዱ አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። እንደ አባቴ አምናቸው ነበር። የሮማ አይሁድ ያረዱትን ሥጋ አይቀምሱም፤ ሕጋቸው ሌላ፣ ሕጋችን ሌላ ይላሉ። የሮማ አይሁድ የሃይማኖት መሪዎች፣ ረቢዎቹም፣ በበኩላቸው እኛን አይሁድ ናችሁ ለማለት ያመነታሉ፤ ወረቀታችን ደግሞ ያለ እነሱ ቃል አይወጣም። ለቄሱ ድብደባውንም የጓዳውንም ምስጢር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ግድ የለሽም፣ እመክረዋለሁ አሉኝ።

በማግስቱ ከባሏ ጋር ተያይዘው መጡ። ይህ የጓዳ ጉድ ረቢዎቹ ጆሮ ከገባ ስማችን ይጠፋል፣ ወረቀቱም ይቀርብናል አሉ። ቀጥለውም፣ በረቢዎቹ ሕግ ሴት የወር አበባዋ ቢመጣም ከቤተሰቧ ተለይታ አትቀመጥም ብለው ፍራሹን በገዛ እጃቸው ከጓዳው ጎትተው አወጡ። ባሏ ጓዳውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"አባ፣ ሥጋቸውን አልበላም ይላሉ፤ ለእሷ ሲሆን ግን ሕጋቸውን አመጡላት" አልኳቸው።

እህቴ መሬት መሬት እያየች፣ "ዛሬስ አልዋሸሁም አባ፣ እውነት መጥቶብኛል" አለች።

ቄሱ ፍራሹን የጎተቱበትን እጃቸውን አዩ። ለእሷ የሻሩት ሕግ ለእሳቸው አልተሻረም ነበር። ውኃ አምጥቼ እንዳስታጥባቸው ጠየቁኝ።

ሄጄ የእህቴን እጅ ያዝኩ።

"አሁን እኔም አልነጻሁም" አልኳቸው። "ራስዎ ይታጠቡ።"