ለእናቴ ስም ያወጣች ከተማ

አገር ቤት ሁሉ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት፣ አባቴ ሲሞት እናቴን ካምፓላ አስመጣኋት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ሆዷን ባር ባር ይላት ጀመር። «እንዴት አደርሽ የሚለኝ በሌለበት በሰው አገር ምን እሠራለሁ? ሸኘኝ» ትለኛለች። እኔ ስደተኛ ነኝ፤ ከሄደች ተከትያት አዲስ አበባ መግባት አልችልም። ስለዚህ «እሺ፣ ትኬት እጠይቃለሁ» እላለሁ፤ አልጠይቅም።

እስቲ አየር ትቀይር ብዬ ፎርት ፖርታል ወሰድኳት፤ ከኮንጎ ጠረፍ ወዲህ፣ ከተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኮረብታው ላይ የአካባቢውን ባህላዊ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አየን። አስጎብኚው ከተማዋ ስሟን ስላገኘችበት የድሮ ምሽግ ሲተርክ እናቴ «ጫማዬ ጠበበኝ» አለች። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረው ሐይቅ ዳር ዳር በእግር ስንሄድም «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ መንገድ? ደብረ ዘይት ሐይቁ ሞልቶ የለ እንዴ!» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ፣ ሰላም ሊሏት መጡ። በዚያ አገር ሰው የሚሰላመው በኤምፓኮ ነው፤ ከስም ሌላ ለፍቅርና ለአክብሮት የሚወጣ መጠሪያ። የእናቴን ጠየቁኝ። የላትም ስላቸው ራቁቷን የመጣች ይመስል ደነገጡ። «ታዲያ ምን ብዬ ሰላም ልበላት?» አሉና እጇን ይዘው፣ ፊቷን ትክ ብለው አይተው፣ አንድ አወጡላት።

ስም እንዳወጡላት ተረጎምኩላት። እናቴ ብድግ አለችና ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን ጉልበት ሳመች።

«ኧረ እማዬ! እኩያሽ እኮ ናቸው።»

«ዝም በል! ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴም እንዲሁ እጄን ይዘው ነው ስም ያወጡልኝ። ስም ያወጣ እናት ነው።»

ይህን ሳስረዳቸው ሴትዮዋ ስቀው አቀፏት። እናቴም ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኚያን ሴት እግዜር ይስጣቸው፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በማግስቱ ስንሰናበት ሴትዮዋ መቼ ወደ እሳቸው ቤት እንደምትመለስ ጠየቋት። ልተርጉም ወይስ ልተው? «አገሬ ነው የምገባው» ትላለች ብዬ ፈራሁ፤ ግን ነገርኳት።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «የዝናቡ ወራት ሲያልፍ በላቸው» አለች።

«አዲስ አበባስ?»

«እዚያ ማን ቀረኝ? ይልቅ ያኔ ላንተም ያውጡልህ።»

ሻንጣዋን አንጠልጥዬ ቀድሜያት ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ተመስገን እያልኩ አለቀስኩ።